ታዳሚው ምን አለ? «የመጨረሻው ሚሽን ኢምፖሲብል ወደቀ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር እኔም ዘንድ ደረሰ። ስለ ስምንተኛው የሚሽን ኢምፖሲብል ፊልም፣ ስለ «ዘ ፋይናል ሬከኒንግ» ነው። የጸሐፊው አማርኛ ያምራል። ፊልሙንም ቁጭ ብለው እንዳዩት ያስታውቃል። የደረሱበት ድምዳሜ ግን አልተዋጠልኝም። «ታዳሚው ፈርዶበታል» ይላሉ። ለዚህም አምስት ምክንያት ይደረድራሉ፦ ያወጣውን ገንዘብ አልመለሰም፤ የመጀመሪያው ሰዓት ወሬ ብቻ ነው፤ ጠላቱ ፊት የለውም፤ ቶም ክሩዝ አርጅቷል፤ የድሮ ፊልሞችን እየጎተተ ማምጣቱም ለማንም አይጠቅምም። ሲዘጉ ደግሞ «ከዓመት በኋላ የሚያስታውሰው አይኖርም» ይላሉ።

እኔ ይህን ተከታታይ ፊልም ከልቤ እወደዋለሁ። ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልኩም። ፊልሙን ያላያችሁ ካላችሁ፣ ሚስጥሩን ሳልደብቅ ስለምጽፍ መጀመሪያ አይታችሁት ተመለሱ።

እኔ ያየሁት አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ ከአጎቴ ጋር። በወጣ በመጀመሪያው ቅዳሜ ማታ፣ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። አጎቴን በደንብ ላስተዋውቃችሁ፣ ምክንያቱም ጸሐፊው «ታዳሚው» የሚሉት ሰው ለእኔ መልኩ የእሳቸው ነው። አጎቴ የመጀመሪያውን ፊልም ያዩት መርካቶ፣ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ነው። በ1989 ወይም በ90 ዓ.ም. ይሆናል ይላሉ። ሃምሳ ሳንቲም ከፍለው፣ መደገፊያ የሌለው አግዳሚ ላይ ተጣበው፣ መስኮቱ በብርድ ልብስ ተጋርዶ። ከሥር የሚነበብ ትርጉም የለም። እንግሊዝኛ የሚችል አንድ ጓደኛቸው ቴሌቪዥኑ አጠገብ ተቀምጦ ጮክ ብሎ ያስረዳ ነበር። «ይሄኛው ከድቷቸዋል!» «ያቺ ሴትዮ ሚስቱ ናት!» ለዚህ አገልግሎቱ አይከፍልም፣ በነፃ ይገባል። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

በገንዘቡ ልጀምር። ጸሐፊው «400 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት 600 እንኳ አልሞላም» ይላሉ። ቁጥሩ ከእውነት የራቀ አይደለም። ወጪው ከ300 እስከ 400 ሚሊዮን ዶላር እንደሚደርስ ሲዘገብ ነበር። በዓለም ዙሪያ ያስገባው ደግሞ 598 ሚሊዮን ገደማ ነው። ከትኬት ሽያጭ ግማሽ ያህሉን ሲኒማ ቤቶች ያስቀራሉ። ስለዚህ ከሲኒማ ብቻ አተረፈ ማለት አይቻልም። እዚህ ድረስ እንስማማለን።

ግን ኪሳራው የአምራቹ ጉዳይ ነው። የተመልካች ስሜት ሌላ ነው። ወጪው ለምን እንዲህ ናረ? አንዱ ምክንያት በ2023 የሆሊውድ ተዋናዮች የሥራ ማቆም አድማ ሲመቱ ቀረጻው መቋረጡ ነው። በ2024 ሰኔ ይወጣል የተባለው ፊልም ወደ 2025 ግንቦት ተገፋ። ቀረጻ ቆሞም ወጪ ይቆጥራል። ትኬት ገዝቶ የገባው ሰው ይህን አያውቅም፣ እንዲያውቅም አይጠበቅበትም። አጎቴን ከፊልሙ በኋላ «ስንት ወጣበት?» ብዬ ብጠይቃቸው «እኔ ምን አገባኝ!» ነው የሚሉኝ። ልክ ናቸው።

«ታዳሚው ፊቱን አዞረ» የሚለው ደግሞ በራሱ በገንዘቡም ውሃ አያነሳም። በ2023 የወጣው ሰባተኛው ክፍል ያስገባው 570 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ስምንተኛው ከእሱ በለጠ። በሰሜን አሜሪካ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ገቢው 64 ሚሊዮን ነው። ከስምንቱም ፊልሞች ትልቁ አጀማመር ይህ ነው። ያውም ልጆች ያሉት ቤተሰብ ሁሉ ወደ «ሊሎ ኤንድ ስቲች» በተመመበት ቅዳሜና እሁድ። ሰባተኛው ያልቀናው እንዴት እንደሆነ እናስታውስ። በወጣ በዘጠኝ ቀኑ «ባርቢ» እና «ኦፐንሃይመር» በአንድ ቀን መጡበት። ትልልቆቹን የአይማክስ ስክሪኖችም ለ«ኦፐንሃይመር» ለቀቀ። ሰው ስላልወደደው አልነበረም። የሚያይበት ስክሪን ተወስዶበት ነው።

የታዳሚን ስሜት ማወቅ ከፈለግን የሚጠየቀው አይቶ የወጣው ሰው ነው። አሜሪካ ውስጥ ሲኒማስኮር የሚባል ድርጅት ይህን ሲሠራ ዓመታት አስቆጥሯል። ፊልሙ በወጣበት ምሽት ሲኒማ ቤት ላገኟቸው ተመልካቾች ካርድ ይሰጣሉ፤ ተመልካቹም እንደ ትምህርት ቤት ውጤት ይሰጣል። ለዚህ ፊልም የተሰጠው ኤ ማይነስ ነው። ለሰባተኛው ድፍን ኤ ነበር። ትንሽ ቀንሷል፣ አልክድም። በመጀመሪያው ምሽት የሚገባውም ቀድሞውኑ የሚወድ ሰው ነው፣ እሱንም አልክድም። ቢሆንም ኤ ማይነስ የሰጠን ሰው «ፈርዶበታል» ማለት ሰውየውን ያላለውን ማስባል ነው።

ሁለተኛው ነጥብ ላይ ጸሐፊው እውነት አላቸው። ከሞላ ጎደል።

የመጀመሪያው ሰዓት ይከብዳል። ሦስት አራት ሰዎች ጨለማ ክፍል ውስጥ ቆመው አንዱ የጀመረውን ዓረፍተ ነገር ሌላው ይጨርሳል። ዕቅዱ ይነገራል። ከዚያ ዕቅዱ ሊከሽፍ የሚችልበት መንገድ ይነገራል። በመሃል የድሮ ፊልሞች ቁራጭ ምስል ብልጭ ብልጭ ይላል። ፊልሙ 2 ሰዓት ከ49 ደቂቃ ነው። ከዚህ ውስጥ 20 ደቂቃ ቢቀነስ ማንም አይጎዳም ነበር። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ ሁለት ጊዜ ስልኩን አውጥቶ ሰዓት አይቷል።

ለምን እንዲህ እንደሆነ የእኔ ግምት ይህ ነው። ፊልሙ መጀመሪያ የታሰበው የሰባተኛው ሁለተኛ ክፍል ተብሎ ነው። ከዚያ ስሙ ተቀየረ። ሰባተኛውን ያላየ ሰውም ገብቶ እንዲገባው ተፈለገ። አጎቴ ለምሳሌ ሰባተኛውን አላዩም። ከመሃልም ሁለት ዘለዋል። ግን ታሪኩ አንድም ቦታ አልጠፋባቸውም። ስለዚህ ማስረዳቱ ለሆነ ሰው ጠቅሟል። ችግሩ አንዴ የተናገረውን ሦስቴ መናገሩ ነው። ተመልካቹን አላመነውም።

ጸሐፊው ግን እዚህ ላይ ቆሙ። ልክ ፊልሙ ያለቀ ያህል። ከዚያ በኋላ የመጣውን አንድ መስመር እንኳ አልጻፉም። እኔ ደግሞ ስለሱ ብቻ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር።

ቶም ክሩዝ የሚጫወተው ሰላይ፣ ኤታን ሃንት፣ ቤሪንግ ባሕር ውስጥ ይገባል። የሰመጠችውን የሩሲያ ሰርጓጅ መርከብ፣ ሴቫስቶፖልን ፍለጋ። መርከቧ ገደል አፋፍ ላይ ተንጋላ ነው ያለችው። እሱ ውስጧ ሲንቀሳቀስ እሷም መንሸራተት ትጀምራለች። ወለሉ ጣሪያ ይሆናል። ከአንዱ ክፍል ውሃ ይወጣል፣ ሌላው ይሞላል። ከቦታቸው የተፈቱ ቶርፔዶዎች እንደ ግንድ ይንከባለላሉ። እሱ በመካከላቸው ይሾልካል። ይህ ሁሉ የተቀረጸው በትልቅ የውሃ ገንዳ ውስጥ፣ እውነተኛ ውሃ በተሞላና በሚሽከረከር ግንባታ ላይ ነው። በመጨረሻም መውጫው የቶርፔዶ ቱቦ ብቻ ይሆናል። ቱቦው ደግሞ ከነመጥለቂያ ልብሱ አያሳልፈውም። ልብሱን ያወልቃል። በዚያ በረዶ ውሃ ውስጥ፣ ያለ ኦክስጅን።

በዚህ ሁሉ ጊዜ የሚያወራ የለም ማለት ይቻላል። የብረት ሲጥሲጥታ አለ፣ ትንፋሽ አለ፣ ውሃ አለ። አዳራሹ ውስጥ ፈንዲሻ የሚያላምጥ አልነበረም። ያ ሰዓት ሲያይ የነበረ ልጅ ሁለት እጁን አፉ ላይ ጭኖ ነበር። አጎቴ የወንበሩን እጀታ ጨምቀው ይዘዋል። ኤታን ከቱቦው ሲወጣ ከፊታችን ያለች ሴት «ኦ ጌታዬ» አለች በአማርኛ። በእኛው አማርኛ! ማንም ዞር ብሎ አላያትም።

አሁን ወደዚያ ቪዲዮ ቤት ልመለስ። አጎቴ ስለዚያ አስረጂ ጓደኛቸው አንድ ነገር ነግረውኛል። ቀኑን ሙሉ ሲለፈልፍ ይውላል። ግን የመጀመሪያው ፊልም ላይ ኤታን በገመድ ተንጠልጥሎ ወደ ሲአይኤ ክፍል ሲወርድ ዝም አለ። ድምፅ ከተሰማ ደወል የሚጮህበት፣ ላብ ጠብ ካለ የሚያልቅለት ትዕይንት ነው። «ማን ዝም በል አለው?» አልኳቸው። «ማንም» አሉኝ። «ሁላችንም ትንፋሻችንን ነው የዋጥነው።» ስምንተኛው ፊልም ከአንድ ሰዓት ልፍለፋ በኋላ ዝም ማለት የቻለው እዚያ ሰርጓጅ መርከብ ውስጥ ነው። ታዳሚውን መልሶ ያገኘውም እዚያው ነው። ግማሹን አይቶ ፍርድ የሚሰጥ ሰው ይህን አያገኘውም።

ሦስተኛ፣ «ጠላቱ ፊት የለውም፤ ኮምፒውተር ምን ያስፈራል?» የሚለው። ጠላቱ ኤንቲቲ የሚባል ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። የአገሮችን የኒውክሌር መሣሪያ አንድ በአንድ እየተቆጣጠረ ይሄዳል። እኔን ግን ያስፈራኝ ኒውክሌሩ አይደለም። ሰው በዓይኑ ያየውን ማመን እንዳይችል ማድረጉ ነው። እናቴ አዲስ አበባ ናት። በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ቪዲዮ ትልክልኛለች። ከሥሩ «ይሄ እውነት ነው ልጄ?» ብላ ትጽፋለች። አንዳንዱን እኔም መለየት ያቅተኛል። አንድ ጊዜ እውነቱን «ውሸት ነው» ብያት በኋላ አፍሬያለሁ። እና ጸሐፊው «ምን ያስፈራል?» ሲሉ፣ መልሱ በየሰው ስልክ ውስጥ አለ ነው የምላቸው።

ሰው የሆነው ጠላት፣ ጋብርኤል ግን ደካማ ነው። ሰባተኛው ላይ ከኤታን ጋር የቆየ ቂም እንዳላቸው፣ ማሪ የምትባል ሴት እንደገደለ ተነግሮን ነበር። ስምንተኛው ላይ ይህ ታሪክ ተድበስብሶ ቀረ። የተጀመረ ነገር ሳይጨረስ ሲቀር ተመልካች ይታዘባል። ጸሐፊው ኮምፒውተሩን ትተው ይህንን ቢሉ ኖሮ እጄን አነሳላቸው ነበር።

አራተኛው ዕድሜው ነው። ቶም ክሩዝ ፊልሙ ሲወጣ 62 ዓመቱ ነበር። «ሽማግሌ ሲሮጥ ማየት ያሳዝናል» ብለዋል ጸሐፊው። ይህ አባባል ከሁሉም በላይ ከንክኖኛል። ደቡብ አፍሪካ የተቀረጸውን የአውሮፕላን ትዕይንት አስቡት። ቀይና ቢጫ፣ የድሮ ባለ ድርብ ክንፍ አውሮፕላኖች ናቸው። እሱ ከውጭ፣ ክንፉ ላይ ነው። ነፋሱ ጉንጩን ወደ ኋላ እየጎተተው ፊቱ ቅርጹን ያጣል። ዓይኑን መግለጥ ያቅተዋል። እግሩ አየር ላይ ይንሳፈፋል። ይህ ኮምፒውተር የሳለው ምስል አይደለም። ሰውየው እዚያ ላይ ነበር። በእሳት የተያያዘ ፓራሹት ይዞ 16 ጊዜ ዘሎም ጊነስ የድንቃድንቅ መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

የ30 ዓመት ጎረምሳ እዚያ ክንፍ ላይ ቢሆን እደነቃለሁ። 62 ዓመት የሞላው ሰው ሲሆን ግን እሰጋለሁ። ጥሩ የስለላ ፊልም ደግሞ ስጋት ነው የሚሸጠው። አጎቴ ዕድሜያቸው ከእሱ ብዙም አይርቅም። ክንፉን ሲለቅ «ተው! ተው አንተ ሰው!» አሉ ጮክ ብለው። የታላቅ ወንድም ቁጣ ነበር የሚመስለው።

ዕድሜ ሌላም ነገር ሰጥቶታል። የኤታንን የቆየ ባልደረባ፣ ሉተርን አስታውሱ። ከቶም ክሩዝ ሌላ በስምንቱም ፊልሞች ላይ ያለው ተዋናይ ቪንግ ሬምስ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ለንደን ውስጥ፣ ከመሬት በታች፣ ቦምብ አጠገብ እንደሚቀር እያወቀ ኤታንን ያሰናብተዋል። ሁለት ያረጁ ሰዎች በብረት በር መካከል ይተያያሉ። ይህን ስንብት የመጀመሪያው ፊልም በወጣበት እ.ኤ.አ. በ1996 ሊቀርጹት አይችሉም ነበር። አብሮ ማርጀት ያስፈልገዋል።

አምስተኛው የድሮ ፊልሞች ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ በጥቅል መፍረድ አይገባም። ብሪግስ የተባለው ሰው፣ በመጀመሪያው ፊልም ቡድኑን የከዳው አለቃ የጂም ፌልፕስ ልጅ ነው መባሉ ምንም አልጨመረም። ጸሐፊው ያሉትን እኔም እላለሁ። ሦስተኛው ፊልም ላይ ምንነቱ ሳይነገረን የቀረው «የጥንቸል እግር» የኤንቲቲ መነሻ ነበር መባሉም ምስጢሩን አሳነሰው እንጂ አላገዘፈውም። ሳይነገር ቢቀር ይሻል ነበር። ብዙ ሰው በሰባተኛው የኤታንን አጋር የኢልሳን ሞት እስከ ዛሬ ይቅር አላለም፤ እኔም ከእነሱ አንዱ ነኝ። ስምንተኛውም ለዚህ ቁስል መድኃኒት አላመጣም።

ግን ዊልያም ዶንሎን ከእነዚህ ጋር ደምሮ መጣል ግፍ ነው።

ዶንሎ ማነው? የመጀመሪያው ፊልም ላይ የዚያ የሲአይኤ ክፍል ሠራተኛ ነው። ቡናው ውስጥ የሚያስታውክ ነገር ጨምረውበት ወደ መጸዳጃ ቤት ሲመላለስ ኤታን ከጣሪያ ወርዶ መረጃውን ይዞ ይወጣል። ከላይ አንድ ቢላዋ ይወድቅና ጠረጴዛው ላይ ይተከላል። ዶንሎ ሲመለስ ያገኘው ያንን ቢላዋ ነው። አለቃው «ዛሬውኑ አላስካ ላኩት» ይላል። ታዳሚው ሳቀ፣ ፊልሙም አለፈ። አንድ ሰው ባልሠራው ጥፋት ኑሮው ተናጋ፣ ማንም ዞር ብሎ አላየውም።

ከ29 ዓመት በኋላ ሮልፍ ሳክሰን፣ ያው ተዋናይ፣ ሸብቶ ይመጣል። በረዶ በከበባት ደሴት ላይ፣ ከሚስቱ ከታፒሳ ጋር ይኖራል። ሚስቱን ሆና የምትጫወተው ሉሲ ቱሉጋርጁክ ከሰሜን ካናዳ፣ ከኑናቩት የመጣች የኢኑዊት ሕዝብ ተወላጅ ናት። ዶንሎ ቂም አልያዘም። ያ ቅጣት ባይደርስበት ሚስቱን አያገኛትም ነበር። እና ያንን ቢላዋ አውጥቶ ለኤታን ይመልስለታል። ሃያ ዘጠኝ ዓመት አስቀምጦት ኖሯል።

ዶንሎ ብቅ ሲል አዳራሹ ውስጥ ብዙው ሰው ማን እንደሆነ አላወቀውም። አጎቴ ግን ስሙ ሳይጠራ ክንዴን ያዙኝ። «ያ ቡናው! ቡና የጠጣው ሰውዬ!» አሉ። ፊታቸውን አየሁት። ሃምሳ ሳንቲም ከፍለው የገቡት ወጣት ነበር የሚመስሉት። ቢላዋው ሲወጣ ደግሞ ምንም አላሉም። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጠረጉት።

ጸሐፊው «ለማንም አይጠቅምም» ብለዋል። እኔ የጠቀመው ሰው አጠገብ ተቀምጬ ነበር። እዚያ ቦታ ላይ ፊልሙ አንድን የተሳቀበት ሰው ክብሩን መልሶለታል። ከአንድ ትልቅ የአክሽን ፊልም ይህን አልጠበቅኩም ነበር። ክሪስቶፈር ማኳሪ ከአምስተኛው ጀምሮ አራቱን ፊልሞች ዳይሬክት አድርጓል። በእኔ ዓይን ከሠራቸው ትዕይንቶች ሁሉ የሚበልጠው አውሮፕላኑ አይደለም፤ ይሄ ቢላዋ ነው።

ፊልሙ ለንደን ትራፋልጋር አደባባይ ላይ ያልቃል። ጓደኛሞቹ በሰው መሃል ቆመው ከሩቅ ይተያያሉ፣ ራሳቸውን ነቅነቅ ያደርጋሉ፣ ይበታተናሉ። አንድ ቃል አይወጣቸውም። ጸሐፊው «ሳያጠግብ አለቀ» ያሉት ይህንን ነው። ከሦስት ሰዓት በፊት ያን ያህል ያወራ ፊልም ዝም ብሎ መጨረሱ እኔን አጥግቦኛል።

መብራት ሲበራ አጎቴ አልተነሱም። ጽዳት ሠራተኛዋ መጥረጊያዋን ይዛ እስክትገባ ቁጭ አሉ። መኪና ውስጥ ገብተን ቀበቶ እንኳ ሳያስሩ ስልካቸውን አወጡ። አዲስ አበባ ገና ሌሊት ነበር፣ ሊነጋጋ አካባቢ። ደጋግመው ደወሉ። በሦስተኛው ተነሣ። እንቅልፍ የተጫነው የወንድ ድምፅ ነው። አስረጂው ጓደኛቸው ነበር።

«አንተ» አሉት፣ ሰላምታም ሳያስቀድሙ። «ያ ቢላዋ የወደቀበት ሰውዬ ትዝ ይልሃል?»

ለአፍታ ዝም አለ። ከዚያ ሳቁን ለቀቀው፣ እኔ እስከምሰማው ድረስ። «አላስካ የላኩት?» አለ።